አይስላንድ ለጀብድ ጉዞ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አይስላንድ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዴ በፌብሩዋሪ፣ አንዴ በጁላይ። ከዚያ ወዲህ ለመሄድ ያሰበ ዘመድ ጓደኛ ሁሉ ይደውልልኛል፤ ጥያቄውም ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ መልሶቼን አንድ ላይ ጻፍኳቸው። ወራቱና ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ስንት ቀን ይበቃኛል?

ከዚህ ጥያቄ መጀመር አለብን፤ የብዙ ሰው ጉዞ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ካርታውን ያይና "ትንሽ ደሴት ናት፣ በአምስት ቀን ዞሬያት እመለሳለሁ" ይላል። እውነት ነው፣ ስፋቷ 103,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያን አንድ አሥረኛ አትሞላም። ደሴቷን የሚዞረው ቁጥር 1 መንገድ ግን 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየአሥር ደቂቃው መኪና የሚያስቆም ነገር ይገጥማችኋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ንፋሱ አለ። መንገድ ሲዘጋ ተዘጋ ነው፤ ለምኖ ማለፍ የለም።

በፌብሩዋሪ ስሄድ ስድስቱንም ቀን በሰዓት ከፋፍዬ ነበር የሄድኩት። ሦስተኛው ቀን ላይ ደቡብ ዳርቻ ቪክ የምትባል ትንሽ ከተማ ደረስን። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በንፋስ ተዘጋ። በማግስቱ የበረዶ ዋሻ ለማየት ከፍለን ነበር፤ አለፈን። ያደርንበት ቤት መስኮቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ፣ እኔ ደግሞ ፕሮግራሜን እየቀደድኩ እንደገና ስጽፍ አደርኩ። በጁላይ ስመለስ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ሁለቱን ባዶ ተውኳቸው። አንዱ ለዝናብ ሄደ። ሁለተኛውን ስሙን በማላውቀው ሸለቆ ውስጥ ስንሸራሸር ዋልን፤ ከሁሉም ቀን ያማረኝ እሱ ነበር።

ስለዚህ፦ አምስት ወይም ስድስት ቀን ካላችሁ ዋና ከተማዋና ደቡቡ ይበቃችኋል። ደሴቷን ለመዞር ቢያንስ አሥር ቀን፣ ቢቻል ሁለት ሳምንት። የቀኑ ብዛት ምንም ይሁን ምን፣ ከአምስት ቀን አንዱን ባዶ ተዉት።

መቼ ልሂድ?

እኛ ክረምት በምንለው ጊዜ እዚያ በጋ ነው። ከጁን እስከ ኦገስት መንገዱ ክፍት ነው፣ ተራራ መውጣት ይቻላል። በጁን ዋና ከተማዋ ሬይክያቪክ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው፤ ከዚያም በደንብ አይጨልምም። ዓይን መሸፈኛ ያዙ።

የሰሜን ብርሃንን ማየት የሚፈልግ ከሴፕቴምበር እስከ ማርች ይሂድ። አረንጓዴው ብርሃን ሰማይ ላይ ሲወዛወዝ ለማየት ጨለማና የጠራ ሰማይ ያስፈልጋል። በዲሴምበር የቀኑ ብርሃን አራት ሰዓት ቢሆን ነው፤ ጉዞውን በዚያ ልክ መመጠን ነው። ሁለቱንም ልሞክር ለሚል ሰው እኔ ሴፕቴምበርን እመርጣለሁ። መንገዱ ገና አልተዘጋም፣ ሌሊቱም ጨልሟል።

ቪዛ ያስፈልገኛል?

አይስላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም፤ በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ የሆነው የሸንገን አባል ግን ናት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ የሚጓዝ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ማመልከቻ የሚገባው ከጉዞው በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ሲሆን፣ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀር ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። በብዙ አገሮች የአይስላንድን ቪዛ የሚሰጠው የሌላ አገር ኤምባሲ ስለሆነ፣ በምትኖሩበት አገር የትኛው እንደሆነ ከአይስላንድ መንግሥት ድረ ገጽ ተመልከቱ።

የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለው እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። በጀርመን፣ በስዊድን ወይም በሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለውም እንዲሁ። ግሪን ካርድ ግን ብቻውን አያስገባም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በዱባይ፣ በሪያድ ወይም በለንደን ኗሪ የሆነ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤትም ቪዛ መጠየቅ አለበት። ሕጉ ይለዋወጣልና ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አረጋግጡ። ሆቴሉንም ሊሰረዝ በሚችል ቡኪንግ ያዙት።

በምን ልሂድ?

ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ የለም። ፍራንክፈርት፣ ለንደን ወይም ኮፐንሃገን ደርሶ መቀየር ነው። አሜሪካ ላላችሁ ግን ጥሩ ዕድል አለ። አይስላንድኤር የሚባለው አየር መንገድ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ሲያሻግር፣ የበረራ ዋጋ ሳይጨምር እስከ ሰባት ቀን ድረስ አይስላንድ ላይ እንድትቆዩ ይፈቅዳል። አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችሁን ልትጠይቁ ስትሄዱ መንገዳችሁ ላይ ናት ማለት ነው።

እሳተ ገሞራው አያሰጋም?

እናቴ ልሄድ ነው ስላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። መልሱ፦ ያሰጋል፤ ነገር ግን በደንብ የሚታወቅና ቀን ከሌት የሚጠበቅ ስጋት ነው።

አይስላንድ የቆመችው የሰሜን አሜሪካና የዩሬዥያ የመሬት ቅርፊቶች በሚላቀቁበት ስንጥቅ ላይ ነው። በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ይህ ስንጥቅ በአብዛኛው ውቅያኖስ ሥር ተደብቆ ነው የሚገኘው። እንዲህ ዓይነቱ ነገር በየብስ ላይ በግልጽ ከሚታይባቸው የዓለም ጥቂት ቦታዎች አንዷ አይስላንድ ናት፤ ሌላኛው የኛው አፋር ነው። በ2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ተሰንጥቆ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተላቆ ነበር። የቀለጠው ዓለት ከሥር ገብቶ መሬቱን ወዲያና ወዲህ ገፋው። በኖቬምበር 2023 በአይስላንድ ግሪንዳቪክ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ሥር የሆነውም ተመሳሳይ ነው። ነዋሪዎቿ በሙሉ በአንድ ሌሊት ወጡ። በጃንዋሪ 2024 ላቫው፣ ማለትም ወጥቶ የፈሰሰው የቀለጠ ዓለት፣ ከከተማዋ ጫፍ ያሉ ቤቶችን አቃጠለ። ይህን ሳነብ የቱሪስት ወሬ ሆኖ አልታየኝም፤ የሰው ቤት ነው።

ያ አካባቢ፣ ሬይክያኔስ የሚባለው ልሳነ ምድር፣ ለ800 ዓመት ገደማ ዝም ብሎ ቆይቶ በማርች 2021 ነው የነቃው። ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ደግሞ ደጋግሞ ፈንድቷል። ዋናው ኤርፖርት ኬፍላቪክ እዚያው ልሳነ ምድር ላይ ነው፤ ቢሆንም በረራው ቀጥሏል። ምክንያቱም እነዚህ ፍንዳታዎች በስንጥቅ የሚፈሱ እንጂ ብዙ አመድ የሚበትኑ አይደሉም። በ2010 የአውሮፓን ሰማይ የዘጋው ኤይያፍያላዮኩል ግን ከበረዶ ግግር ሥር ነበር የፈነዳው። የጋለው ዓለት ከበረዶና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ተፈረካክሶ ደቃቅ አመድ ይሆናል፤ ወደ ሰማይ የወጣው እሱ ነው።

የሚፈስ ላቫ ለማየት ብላችሁ ትኬት አትቁረጡ። አንዱ ፍንዳታ ስድስት ወር ይቆያል፣ ሌላው በሁለት ቀን ይከስማል። እናንተ እዚያ እያላችሁ ከፈነዳ የአይስላንድ ሚቲዎሮሎጂ ቢሮ የአደጋ ካርታ ያወጣል፤ ፖሊስ የተፈቀደውን መንገድ ይናገራል። ከዚያ መስመር አትውጡ። ላቫው ላይኛው ጠቁሮ ድንጋይ ሲመስል ከሥሩ ከ1,000 ዲግሪ በላይ የጋለ ሊሆን ይችላል፤ በፍጹም እንዳትረግጡት። ንፋስ በሌለበት ቀን ከፍንዳታው የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይተኛል፤ ሽታውን ሳትለዩት ሊጥላችሁ ይችላል።

ላቫ ካልፈሰሰ ግን ጉዞው ከንቱ ቀረ ማለት አይደለም። ከዋና ከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ትሪህኑካጊጉር የሚባል ለ4,000 ዓመት ያልፈነዳ እሳተ ገሞራ አለ። በበጋ ወራት በሊፍት 120 ሜትር ቁልቁል ወደ ሆዱ ያወርዷችኋል። ድሮ የቀለጠ ዓለት ሞልቶበት የነበረው ክፍል ዛሬ ባዶ ነው፤ ግድግዳው ቀይ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ ነው። ዋጋው በጣም ውድ ነው። ቢሆንም ኤርታሌን አፋፉ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ውስጡን ደግሞ እዚህ ያየዋል።

መኪና ልከራይ? ምን ልጠንቀቅ?

ተከራዩ፤ ነፃነት ነው። ግን በመጀመሪያ ስለ በሩ ልንገራችሁ።

ንፋሱ የመኪና በር ይገነጥላል። ቀልድ አይደለም፤ በየጊዜው የሚደርስ ነገር ነው። እኔ ያየሁት አንድ ነዳጅ ማደያ ላይ ነው። ከፊታችን የቆመ መኪና ሹፌር በሩን ገና ገርበብ ሲያደርገው ንፋሱ ከእጁ ነጥቆ ወደ ፊት ጠመዘዘው። ማጠፊያው ተጣሞ በሩ አልዘጋ አለ። ሰውየው በገመድ አስሮት ሄደ። ይህን ዓይነት ጉዳት አብዛኛው የኪራይ ኢንሹራንስ አይሸፍንም። መኪናውን ፊቱን ወደ ንፋሱ አዙራችሁ አቁሙ፤ በሩን በሁለት እጅ ይዛችሁ ክፈቱ። ከኋላ ልጆች ካሉ ራሳችሁ ወርዳችሁ ክፈቱላቸው።

ፍጥነት አስፋልት ላይ 90፣ ኮሮኮንች ላይ 80፣ ከተማ ውስጥ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። መብራት ቀንም ሌሊትም ይበራል፤ ሕግ ነው። አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ ድልድዮች ብዙ ናቸው፤ ቀድሞ የደረሰ ያልፋል፣ ሌላው ይጠብቃል። በበጋ በጎች ያለ እረኛ ተለቀዋል። እናቲቱ በአንድ በኩል፣ ግልገሏ በሌላ በኩል ቆመው ካያችሁ ወዲያው ቀንሱ፤ ግልገሏ ወደ እናቷ መሮጧ አይቀርም። ገጠር ያደገ ሰው ይህን አያጣውም።

ቁጥራቸው በኤፍ ፊደል የሚጀምር የተራራ መንገዶች አሉ። እነዚህ ለፎር ዊል መኪና ብቻ የተፈቀዱ ናቸው። የሚከፈቱት በጁን መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ሴፕቴምበር ውስጥ ይዘጋሉ። ብዙዎቹ ድልድይ የሌለው ወንዝ ያቋርጣሉ። ወንዝ ውስጥ ሞተሩ ውሃ ከጠጣ ኢንሹራንሱ ዞር ብሎ አያያችሁም። ልምድ ከሌላችሁ ወደዚያ የሚሄደውን ትልቅ አውቶብስ ተሳፈሩ።

ከመንገድ ወጥቶ መንዳት ወንጀል ነው፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። ላቫው ላይ የበቀለው የድንጋይ ሽበት (ሞስ) አንዴ ጎማ ከሄደበት ለማገገም አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል። ከመንገድ ወርዳችሁ ፎቶ ለመነሳትም እንዳትረግጡት እለምናችኋለሁ።

ብዙው ነዳጅ ማደያ ሰው የለውም፤ ካርድ አስገብቶ የሚስጥር ቁጥር መጫን ነው። የሚስጥር ቁጥር የሌለው የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የአየር ሁኔታውንና የመንገዱን ገጽ እዩ። ይህን እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ያደርገዋል።

የትኛው ቦታ ነው በእርግጥ አደገኛው?

ብዙ ሰው እሳተ ገሞራው ይመስለዋል። እኔን ግን የሚያስፈራኝ ባሕሩ ነው። ቪክ አጠገብ ሬይኒስፊያራ የሚባል ጥቁር አሸዋ ያለው ዳርቻ አለ፤ በጣም ያምራል። ሞገዱ አምስት ስድስት ጊዜ ለስለስ ብሎ መጥቶ ይመለሳል። ከዚያ አንዱ ሳይታሰብ እስከ ገደሉ ድረስ ይመጣና ሰው ይዞ ይሄዳል። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ስቦ ያወርዳል፤ ሰዎች በተደጋጋሚ ሞተውበታል። መግቢያው ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት አለ። ቀይ ከሆነ አትውረዱ። ባይሆንም ለባሕሩ ጀርባ አትስጡ። ልጅ ካለ እጁን ያዙ።

ሌላው ፍል ውሃው አካባቢ ነው። ጌይሲር ላይ ስትሮኩር የሚባለው ፍል ውሃ በየአምስትና አሥር ደቂቃው ወደ ሰማይ ይወነጨፋል። ገመድ የታጠረው ለምልክት አይደለም፤ አፈሩ ስስ ነው፣ ከሥሩ ውሃው ይፈላል።

አደጋ ከደረሰ 112 ደውሉ። ተራራ ላይ የሚደርሱላችሁ የነፍስ አድን ሰዎች በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሥራቸውን ጥለው ነው የሚመጡት። ሴፍትራቭል በሚባለው ገጽ የጉዞ ዕቅዳችሁን አስመዝግባችሁ ውጡ።

በእግር መጓዝ እወዳለሁ። የትኛውን መንገድ?

ላውጋቬጉር። ከላንድማናላውጋር ተነስቶ ቶርስሞርክ የሚደርስ 55 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ በአብዛኛው አራት ቀን ይወስዳል። የስሜን ተራሮችን በእግሩ የሄደ ሰው አቅሙ ይችለዋል። ልዩነቱ አየሩ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ፀሐይ፣ ዝናብ፣ ጭጋግና በረዶ ይፈራረቃሉ። ወንዝ በእግር ትሻገራላችሁ፤ ለዚያ የሚሆን ክፍት ጫማ ያዙ። የማደሪያ ጎጆዎቹ ከወራት በፊት ይያዛሉ። ካልሆነ ድንኳን ይዞ ጎጆዎቹ አጠገብ በተፈቀደው ቦታ መትከል ነው።

አንድ ቀን ብቻ ያለው ጠንካራ ሰው ከስኮጋር ፏፏቴ ተነስቶ ቶርስሞርክ የሚደርሰውን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሞክር። በ2010 የተፈጠሩትን ሁለት ጉብታዎች፣ ማግኒንና ሞዲን፣ አልፎ ይሄዳል። እኛ ከተወለድን በኋላ የተፈጠረ ተራራ መርገጥ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደሆነ እዚያ ቆማችሁ ትረዱታላችሁ።

የበረዶ ግግር ላይ በራሴ መውጣት እችላለሁ?

አትሞክሩት። አዲስ በረዶ የሸፈነው ስንጥቅ ከላይ አይታይም። አስጎብኚ፣ ሥሩ ሹል ብረት ያለው ጫማና ገመድ ያስፈልጋል። የበረዶ ዋሻዎቹም ከኖቬምበር እስከ ማርች፣ ብርዱ ሲጠና ነው የሚሻሉት። በኦገስት 2024 በበጋ የተገባበት የበረዶ ቦታ ተንዶ ጎብኚ ገድሏል። ርካሽ ነው ብላችሁ በሞቃት ወቅት አትግቡ።

ሲልፍራ ላይ መዋኘትስ?

ቲንግቬትሊር በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ በውሃ የተሞላ ስንጥቅ ነው። ውሃው ከበረዶ ግግር ቀልጦ በላቫ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተጣርቶ ይመጣል፤ በጣም ከመጥራቱ የተነሳ መቶ ሜትር ርቀት ያሳያል። ቅዝቃዜው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው። ውሃ የማያስገባ ልብስ ይሰጧችኋል፤ ፊትና እጅ ግን ይደነዝዛል። ዋና የማይችል አይገባም። አይስላንዳውያን በ930 ሸንጎ መቀመጥ የጀመሩት እዚያው ፓርክ ውስጥ ስለሆነ፣ ባትዋኙም ሂዱ።

ፈረስ መጋለብ እንዴት ነው?

በጣም ደስ ይላል። ፈረሶቹ አጠር ያሉ፣ ፀጉራም ናቸው። ቶልት የሚባል አረማመድ አላቸው፤ ጋላቢው ሳይነቀነቅ የሚሄዱት፣ እኛ ሰጋር የምንለው ዓይነት። ከውጭ ፈረስ ማስገባት ክልክል ነው። ከአገር የወጣም ፈረስ አይመለስም።

ምን ልልበስ?

ከውስጥ ሱፍ፣ መሐል ሞቅ ያለ ሹራብ፣ ከላይ ውሃና ንፋስ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። ጂንስ አይሆንም፤ ከረጠበ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ጃንጥላ እቤት ተዉት። ጋቢ ግን ያዙ፤ ምሽት ላይ ለመደረብ እንደሱ ያለ አላገኘሁም።

ምግቡስ? በጾም እንዴት እሆናለሁ?

ምግብ ቤት ዋጋው አይቀመስም። ስንቅ መያዝ ነው። ቦኑስ የሚባለው፣ አሳማ ያለበት ምልክት ያለው ሱፐርማርኬት ይሻላል። ውሃ አትግዙ፤ የቧንቧው ከየትኛውም የላስቲክ ውሃ ይበልጣል። ሙቅ ውሃው የድኝ ሽታ ቢኖረው አትደንግጡ፤ ከመሬት ሥር ስለሚመጣ ነው።

ሽሮ፣ በሶና ቆሎ አዳነኝ። የማደሪያ ቤቶች አብዛኞቹ ወጥ ቤት አላቸውና ሽሮ በአሥር ደቂቃ ይደርሳል። ቋንጣና ቅቤ ግን አትያዙ። ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አያስገቡም፤ ያልበሰለ ሥጋ ደርቆም ቢሆን ክልክል ነው። ለጾም ሬይክያቪክ ውስጥ ከእንስሳት ነፃ ምግብ በቀላሉ ይገኛል። ከከተማ ስትወጡ ግን በስንቃችሁ ተማመኑ።

አንድ ነገር ሳትቀምሱ አትምጡ። ላውጋርቫትን በሚባል ሐይቅ ዳር የአጃ ዳቦ መሬት ውስጥ ይጋገራል። ሊጡን በድስት አሽገው ትኩስ አሸዋ ውስጥ ይቀብሩትና በ24 ሰዓቱ በአካፋ ቆፍረው ያወጡታል። ክዳኑ ሲነሳ እንፋሎቱ ፊት ይመታል። ዳቦው የጠቆረ፣ እርጥብ፣ ጣፋጭ ነው፤ ቅቤው ላዩ ላይ ይቀልጣል። በጾም ከሆነ ግን ሊጡ ወተት ሊኖረው ስለሚችል ጠይቁ።

የሕዝብ ፍል ውሃ መዋኛዎቹ ሥርዓታቸው ምንድን ነው?

ፍል ውሃ ለኛ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በፍል ውሃ ምክንያት ነው። ሬይክያቪክ ማለትም "የጭስ ወሽመጥ" ማለት ነው፤ ጭሱ የፍል ውሃ እንፋሎት ነው። ከእንፋሎቱ ኃይል ማውጣት የሚያስተምር ፕሮግራም አይስላንድ ውስጥ ከ1979 ጀምሮ አለ፤ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም ሠልጥነውበታል።

በየመንደሩ ማለት ይቻላል መዋኛ አለ፤ ዋጋውም ከታዋቂዎቹ የቱሪስት ቦታዎች በእጅጉ ይቀንሳል። ከመግባት በፊት ራቁትን፣ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው፤ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ። መጀመሪያ ቀን አፍሬ ነበር። ከጎኔ የነበሩ ሽማግሌ ግን ስለ አየሩ እያወሩኝ ታጠቡ፤ ማንም ማንንም አያይም። ውጭ በረዶ እየወረደ እስከ አንገታችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀምጣችሁ ከአገሬው ሰው ጋር ታወራላችሁ። አይስላንዳውያንን የሚያገኟቸው እዚያ ነው።

ስም ሲጠይቁኝ እንደ ሌላው አገር ግራ ይጋባሉ?

በጭራሽ። አይስላንዳውያን እንደ እኛው በአብዛኛው የቤተሰብ ስም የላቸውም። ከስማቸው ቀጥሎ የሚጠሩት በአባታቸው ወይም በእናታቸው ስም ነው። ፕሬዚዳንቷም በመጀመሪያ ስሟ ትጠራለች፣ የስልክ ማውጫውም ይታተም በነበረበት ጊዜ የተደረደረው በመጀመሪያ ስም ነበር። በአሜሪካም በአውሮፓም ስንት ቢሮ ውስጥ በአባቴ ስም ተጠርቻለሁ። ሰሜኑ ላይ አንድ እንግዳ ማረፊያ ስገባ ባለቤቷ ፓስፖርቴን አየችና "ይሄኛው የአባትህ ነው አይደል?" አለችኝ፤ ከዚያ መዝገቡ ላይ በራሴ ስም ጻፈችኝ።